ከራስ እጅ የራቀ ቅጂ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት የጊትላብ ሰርቨሮች ተጨናንቀው ነበር። ጊትላብ ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና በጋራ የሚሠሩበት አገልግሎት ነው። ዳታቤዙ ያኔ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ይኖር ነበር፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው የዋናውን እያንዳንዱን ለውጥ እየገለበጠ የሚከተል ተከታይ። ያን ምሽት ተከታዩ ወደ ኋላ ቀርቶ መገልበጡን አቆመ። በሥራ ላይ የነበረው ኢንጂነር የተከታዩን የዳታ ፎልደር ባዶ አድርጎ ከዋናው እንደ አዲስ ሊያስጀምረው አሰበ። ሌሊቱ ገፍቶ ነበር። የማጥፊያውን ትእዛዝ ጽፎ አስገባ። አንድ ሁለት ሴኮንድ ቆይቶ ፊቱ ላይ የተከፈተው መስኮት የተከታዩ ሳይሆን የዋናው ሰርቨር መሆኑን አየ። ቶሎ አቋረጠው። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው ዳታ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው በማንም መሥሪያ ቤት ሊደርስ የሚችል ነው። ታሪኩን በሙያው ሰዎች ዘንድ ዝነኛ ያደረገው ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው። ኩባንያው ባክአፕ ነበረው፤ ያውም በአንድ ሳይሆን በአምስት ዓይነት መንገድ። በየቀኑ ወደ አማዞን ክላውድ ይላካል የተባለው ቅጂ ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ ወደ 9.6 ሥሪት አድጎ ሳለ ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም የ9.2 ነበርና በየሌሊቱ ይነሣል፣ ስሕተት ያያል፣ ይተኛል። ስሕተቱን የሚያስታውቅ ኢሜይልም ይልክ ነበር፤ ኢሜይሉ ግን የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበረው ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ ውድቅ ይሆናል። የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ የሚባለው ደግሞ በዳታቤዝ ሰርቨሮቹ ላይ ከነጭራሹ አልተከፈተም ነበር። በመጨረሻ ያዳናቸው ያው ኢንጂነር ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ ሥራ ግን ቀረ፤ 5000 ያህል ፕሮጀክት፣ ያንኑ ያህል አስተያየት፣ 700 ያህል አዲስ ተመዝጋቢ። ጊትላብን የሚያስመሰግነው አንድ ነገር አለ። የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈ፣ በኋላም ጥፋቱን ከሥር ከመሠረቱ ጽፎ አወጣ። ይህን ሁሉ ልናውቅ የቻልነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሰርቨር ዳታን ወደ ክላውድ ባክአፕ ማድረግ ሲነገር ቀላል ነው። ቅጂ ይወጣል፣ ይጨመቃል፣ ሩቅ አገር ወዳለ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ይላካል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው ከእሳት፣ ከጎርፍና ከሌባ መከላከያ አድርጎ ነው። እነዚህም አይቀሩም። በአደባባይ የታወቁትን የጥፋት ታሪኮች ያገላበጠ ሰው ግን ደጋግሞ የሚያገኘው አጥፊ የራስ እጅ ነው፤ በተሳሳተ መስኮት የተጻፈ ትእዛዝ፣ የተሰረቀ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ፣ ያዘዙትን ሁሉ ሳይጠይቅ የሚፈጽም ፕሮግራም። ስለዚህ አንድ ቅጂ ስንት ኪሎ ሜትር መራቁን ከመጠየቅ በፊት፣ ዋናውን ሊያጠፋ የሚችል እጅ ቅጂውንም ሊያጠፋ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። ከዚህ በታች የማስረዳውም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው።

የማይተኛው ዳታቤዝ

የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ አስመጪ ሥርዓት ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ሁለት ዓይነት ሀብት አለው። አንደኛው ዳታቤዙ ነው፤ ስም፣ ሒሳብ፣ ቀን፣ ውጤት የሚመዘገብበት። ሁለተኛው ፋይሎቹ ናቸው፤ ፎቶዎች፣ ስካን የተደረጉ ሰነዶች፣ የፕሮግራሙ ኮድ፣ የማስተካከያ ፋይሎች። ፋይል ተቀምጦ ስለሚቆይ መገልበጡ አያስቸግርም። ዳታቤዝ ግን አገልግሎት እየሰጠ አይተኛም። ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ለቅጽበት ግማሹ ነገር ዲስክ ላይ፣ ግማሹ ሜሞሪ ውስጥ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የዳታቤዙን ፎልደር እንዳለ የገለበጠ ሰው ወጪውን የያዘ፣ ገቢውን ያልያዘ ቅጂ ሊያገኝ ይችላል። ያም ቢሆን ከተከፈተለት ነው።

ስለዚህ ቅጂውን የሚያወጣው ራሱ ዳታቤዙ እንዲሆን ይደረጋል። ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ለዚህ ፒጂ ደምፕ የሚባል መሣሪያ አለው፤ ማይኤስኪውኤል የተባለውም የራሱ ደምፕ አለው። ሁለቱም ዳታቤዙን «አሁን ያለህበትን ያዝልኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ከዚያ በኋላ ሰዎች ቢጽፉም ቢሰርዙም ደምፑ የሚያየው ያችን የተያዘች ቅጽበት ብቻ ነው፤ የቢሮው ሥራም አይቆምም። በማይኤስኪውኤል በኩል ይህ የሚሠራው ሲንግል ትራንዛክሽን የሚባለው አማራጭ ሲጨመርና ሠንጠረዦቹ ኢኖዲቢ በተባለው ዓይነት የተሠሩ ሲሆኑ ነው። የድሮው ማይአይሳም ይህን አያውቅም። በቆዩ ሥርዓቶች ውስጥ አንድ ሁለት የማይአይሳም ሠንጠረዥ ተሸሽጎ መገኘቱ ደግሞ የተለመደ ነው።

ከደምፑ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ተራ ጽሑፍ ነው። ከፍተው ቢያዩት «ይህን ሠንጠረዥ ፍጠር፣ ይህን መዝገብ አስገባ» የሚሉ ትእዛዞች ተራ በተራ ተደርድረዋል። ለእኛ ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፊደሎቻችን ዩቲኤፍ ኤይት በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ። በማይኤስኪውኤል ቅጂው ሲወጣ ወይም ሲመለስ በድሮው የላቲን አቀማመጥ እንዲያልፍ ከተደረገ፣ ለግዕዝ ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «አበበ» ተብሎ የተመዘገበው «???» ሆኖ ያርፋል። ፕሮግራሙ ሥራውን እንደጨረሰ ይናገራል እንጂ አይጮህም። ከጥያቄ ምልክት ወደ ፊደል የሚመልስ ጥበብ ደግሞ እስካሁን የለም። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህ አይገጥመውምና ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ነገሩን ብዙ ጊዜ አያነሡትም። በሌላ በኩል አንድ በጎ ነገር አለን። የዘወትር ፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የአማርኛ ጽሑፍ ሲጨመቅ በደንብ ይቀንሳል።

ደምፕ በቀን አንድ ጊዜ የሚወጣ ከሆነ ሰርቨሩ ማታ ቢሞት የቀኑ ሥራ አብሮ ይሞታል። ይህን የማይችል ድርጅት ሌላ መንገድ አለው። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ በዋናው ቦታ ላይ ከማሳረፉ በፊት በቅደም ተከተል መዝገብ ላይ ይጽፈዋል፤ ማይኤስኪውኤልም ለውጦቹን የሚያሰፍርበት ተመሳሳይ መዝገብ አለው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ ቅጂ ይወጣና ከዚያ በኋላ የመዝገቡ ገጾች በየደቂቃው ወደ ክላውድ ይሄዳሉ። የዚህ ትልቁ ጥቅም የጠፋው መጠን ማነሱ ብቻ አይደለም። አንድ ሠራተኛ ጠዋት 4 ሰዓት ከ40 ላይ የሁሉንም ደንበኛ ዕዳ በስሕተት ዜሮ ቢያደርገው፣ ሙሉ ቅጂውን አስቀምጦ መዝገቡን እስከ 4 ሰዓት ከ39 ድረስ ማስኬድና እዚያ ላይ ማቆም ይቻላል።

«እኛ እኮ ተከታይ ሰርቨር አለን» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ተከታይ ሰርቨር ዋናው ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆም ይረዳል፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ባክአፕ ግን አይደለም። ዋናው ላይ የተሰረዘው እሱም ላይ ወዲያው ይሰረዛል፤ የተሰጠውን ትእዛዝ በትክክል ፈጽሟልና አይወቀስም።

የፋይሎቹ ነገር አጭር ነው፤ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል። ዳታቤዙ የፎቶውን ስም ይይዛል፣ ፎቶው ግን ፎልደር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ፎልደሩ ተገልብጦ ዳታቤዙ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከተገለበጠ፣ በመካከሉ የገቡት ፎቶዎች ስማቸው አለ፣ እነሱ የሉም። ዳታቤዙን አስቀድሞ ፋይሎቹን ማስከተል ይሻላል። ያኔ ባለቤት የሌላቸው ጥቂት ፎቶዎች ይተርፋሉ፤ እነሱ ማንንም አይጎዱም።

ሥራውን በየሌሊቱ የሚቀሰቅሰው ክሮን የሚባለው የሊኑክስ ሰዓት ጠባቂ ነው። በዚህም ላይ የአገራችን ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብዙ የክላውድ ሰርቨሮች የሚሄዱት በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ነው። «ሁለት» ብሎ የጻፈ ሰው ሌሊት ሰው በሌለበት የሚሠራ ይመስለዋል፤ ሥራው የሚነሣው ግን በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ደምፑ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ሲያበቃ ጠዋት 1 ሰዓት ሆኗል፣ ሠራተኛውም መግባት ጀምሯል። «ጠዋት ጠዋት ሲስተም ይዘገያል» የሚለው ቅሬታ አንዳንዴ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ማሸግ፣ ቁልፍ፣ ማከማቻ

ቅጂው ከሰርቨሩ ከመውጣቱ በፊት መመስጠር አለበት። የደንበኞች ስልክ፣ የሕመምተኞች ውጤት፣ የደመወዝ ዝርዝር በግልጽ ጽሑፍ ወደማያውቁት ሰው ቤት አይላክም። ሬስቲክ የተባለው ነጻ መሣሪያ ይህን የሚሠራው ሳይጠየቅ ነው። ዳታውን ወደ ትንንሽ ቁራጮች ይከፍላል፣ ከዚህ በፊት የላካቸውን ቁራጮች ዳግመኛ አይልክም፣ አዲሶቹን መስጥሮ ይልካል። 200 ጊጋባይት ፎልደር ውስጥ ዛሬ የተለወጠው 1 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ የሚላከውም ወደዚያ የተጠጋ ነው። ኢንተርኔቱ ቀጭን ለሆነበት ቢሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አርክሎን የተባለው ሌላ መሣሪያ ደግሞ ብዙ ዓይነት የክላውድ አቅራቢዎችን በአንድ ቋንቋ ያነጋግራል፤ አቅራቢ መቀየር ሲመጣ ሥራውን እንደ አዲስ መጻፍ የለም።

የምስጢሩ ፓስወርድ ከጠፋ ሬስቲክም ሆነ የክላውድ ኩባንያው ምንም ሊያደርጉ አይችሉም። ፓስወርዱን በዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ሳጥኑን ዘግቶ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ እንደረሳ ነው፤ ሰርቨሩ ሲቃጠል ክላውድ ላይ የቀረለት የማይነበብ ክምር ነው። በወረቀት ጽፎ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ ያረጀ ዘዴ ይመስላል፤ እኔ የማውቀው የተሻለ ዘዴ የለም።

ቅጂው የሚያርፍበት ማከማቻ በዓለም ላይ በብዛት የተለመደው አማዞን እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2006 ኤስ ስሪ ብሎ የከፈተው ዓይነት ነው። ሌሎቹ አቅራቢዎችም አብዛኞቹ ያንኑ አሠራር ተከትለዋል። ተጠቃሚው ባኬት የሚባል ማስቀመጫ ይከፍታል፣ ፋይል ይልካል፣ አቅራቢው ፋይሉን በተለያዩ ሕንጻዎች ውስጥ ባሉ ዲስኮች ላይ ያባዛዋል። አማዞን የሚሰጠው ምሳሌ አሥር ሚሊዮን ፋይል ያስቀመጠ ሰው በአማካይ በአሥር ሺህ ዓመት አንድ ፋይል ቢጠፋበት ነው የሚል ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያታልላል። የሚናገረው ስለ ዲስክ መሞት ነው እንጂ ስለ ትእዛዝ አይደለም። ባለቤቱ ወይም የባለቤቱን ፓስወርድ የያዘ ሌባ «ሰርዝ» ካለው፣ ያ ሁሉ የተባዛ ዳታ በአንድ ትእዛዝ ይሄዳል።

ኮድ ስፔስስ የተባለው ኩባንያ ይህን በሕይወቱ ከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 አንድ ሰርጎ ገብ የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጹን ያዘና ገንዘብ ጠየቀ። ሠራተኞቹ ፓስወርድ ለመቀየር ሲንቀሳቀሱ አየና መሰረዝ ጀመረ። ሰርቨሮቹ፣ ዲስኮቹ፣ ባክአፖቹ በአንድ አካውንት ሥር ነበሩ። በ12 ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ዳታና በሌላ ቦታ ተቀመጠ የተባለው ባክአፕ ጭምር አለቀ። ኩባንያው መቀጠል እንደማይችል አስታውቆ ተዘጋ።

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ትንሽ ማሰብ ብቻ ይጠይቃል። ባክአፑ ሌላ ፓስወርድ፣ ሌላ ኢሜይል፣ ቢቻል ሌላ አቅራቢ ባለው አካውንት ይቀመጥ። ሰርቨሩ ላይ ለሚቀመጠው የመላኪያ ቁልፍ የመጨመር እንጂ የመሰረዝ ሥልጣን አይሰጠው፤ ሰርቨሩን የሰበረ ሰው ከዚያ በኋላ ቆሻሻ ሊጨምር ይችላል እንጂ የትናንቱን ሊነካ አይችልም። ባኬቱ ላይ የቀድሞ ሥሪቶችን የሚያስቀር አማራጭ ይከፈት። ከዚህም የጠነከረ አለ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 ኦብጀክት ሎክ ብሎ ያመጣው መቆለፊያ በጥብቁ አሠራሩ ሲሠራ፣ የተወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ የአካውንቱ ዋና ባለቤት እንኳ ፋይሉን ሊሰርዝ አይችልም። በችኮላ «አሥር ዓመት» ብሎ የሞላ ሰው የአሥር ዓመት ኪራይ ከመክፈል እንደማያመልጥም ይወቅ። ሠላሳ ቀን ብሎ መጀመር ይበቃል።

ጉግል ራሱ ይህን ትምህርት ከውስጥ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በአንድ የሶፍትዌር እንከን ምክንያት የጥቂት ጂሜይል ተጠቃሚዎች ደብዳቤ በተለያዩ የዳታ ማዕከላት ከነበሩት ቅጂዎች ሁሉ ጠፋ። የተመለሰው ከማግኔት ቴፕ ነው። ቴፑ ከመስመር ውጭ መደርደሪያ ላይ ስለነበር እንከኑ ሊደርስበት አልቻለም።

አቅራቢው ራሱ ሲሳሳት

ክላውድ ማለት በመጨረሻ ሕንጻ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ሌሊት ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ የኦቪኤች ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ የዳታ ማዕከል ተቃጠለ፤ አጠገቡ ያለውም በከፊል ነደደ። ባክአፕ እየከፈሉ የነበሩ አንዳንድ ደንበኞች ባክአፓቸው በዚያው ሕንጻ ውስጥ እንደነበረ ያወቁት ከእሳቱ በኋላ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሶ፣ የሊል የንግድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ100,000 ዩሮ በላይ እንዲከፈለው ፈረደለት። ካሳው ዳታውን እንደማይመልስለት ግልጽ ነው።

የአውስትራሊያው የጡረታ ገንዘብ ተቋም ዩኒሱፐር ግን ተረፈ። ከ600,000 በላይ አባላት ያሉት ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ጉግል ክላውድ ላይ የነበረው ሥርዓቱ ተሰረዘበት። ምክንያቱ የጉግል ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በፊት በውስጥ መሣሪያቸው ሲያዋቅሩት ባዶ የተዉት አንድ ቦታ ነበር፤ መሣሪያው ባዶውን ቦታ «አንድ ዓመት ሲሞላ ይጥፋ» ብሎ ተረጎመው። መባዛቱም አላዳነውም። ያዳነው ሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጠው ባክአፕና በጉግል የፋይል ማከማቻ ውስጥ ሳይነካ የቀረው ቅጂ ነው። አባላቱ ሒሳባቸውን ለማየት አንድ ሳምንት ገደማ ጠበቁ፤ መዝገባቸው ግን ከነታሪኩ ተመለሰ።

በተቃራኒው የደቡብ ኮሪያን መንግሥት የመሰለ ሀብታም ሲወድቅ አይተናል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ዴጆን ከተማ ባለው የመንግሥት የዳታ ማዕከል የሊቲየም ባትሪ እሳት አስነሣና ከ600 በላይ የመንግሥት ሥርዓቶች ቆሙ። ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ ድራይቭ የተባለው ማከማቻ ግን 858 ቴራባይት ይዞ ነደደ። ሌላ ቦታ ባክአፕ አልነበረውም። የተሰጠው ምክንያት መጠኑ እጅግ ትልቅ ነው የሚል ነበር።

የሙያው ሰዎች በዚህ ሁሉ መካከል የያዙት አንድ ደንብ አለ፤ በሰፊው ያሠራጨው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኛም ዘንድ ከኮምፒዩተር በፊት የተሠራ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት አስቀምጧል። በርካታ የግዕዝ ተመራማሪዎች ዛሬም የሚሠሩት በዚያ ፊልም ነው።

ዶላሩና መስመሩ

ማስቀመጥ ርካሽ ነው። በአማዞን መደበኛ ማከማቻ አንድ ቴራባይት በወር 23 ዶላር ገደማ ነው፤ ባክብሌዝ የተባለው አቅራቢ እ.ኤ.አ. በ2025 6 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ የአማዞን ጥልቅ ማኅደር ደግሞ ወደ 1 ዶላር ይወርዳል። በጥልቁ ማኅደር ያለ ፋይል ግን «አምጣ» ሲባል በመደበኛው አሠራር እስኪወጣ እስከ 12 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ቢያንስም የ180 ቀን ኪራይ ይታሰብበታል። ብዙ ሰው የሚረሳው የማውጫውን ዋጋ ነው። ከአማዞን ወደ ኢንተርኔት ለሚወጣ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት 9 ሳንቲም ገደማ ስለሚከፈል አንድ ቴራባይት መመለስ 90 ዶላር ያህል ነው። ክላውድፍሌር የተባለው አቅራቢ ይህን የማውጫ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ትቶታል።

ለኢትዮጵያ ድርጅት ዶላሩ ራሱ ፈተና ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት አንድ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ደረሰኙ ላይ ያለው የዶላር መጠን ሳይለወጥ የብሩ ወጪ በእጥፍ ሊጠጋ ሆነ። ካርዱ ገንዘብ አጥቶ ሳይከፈል የከረመ አካውንት በመጨረሻ ከነዳታው እንደሚዘጋም መዘንጋት የለበትም። ይህም አንዱ የመጥፊያ መንገድ ነው።

ቀጥሎ መስመሩ አለ። 500 ጊጋባይት ዳታ በሴኮንድ 50 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ለመመለስ ምንም ሳይቆራረጥ 22 ሰዓት ይፈጃል፤ መስመሩ 10 ሜጋቢት ከሆነ አራት ቀን ተኩል አልፎ ይሄዳል። ያ ሁሉ ጊዜ ቢሮው ዝግ ነው። መስመሩ ጨርሶ የማይኖርበት ጊዜም ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ሰርቨሩ አዲስ አበባ፣ ባክአፑ ውጭ አገር ብቻ የነበረ ድርጅት በእነዚያ ሳምንታት መላክም መመለስም አይችልም ነበር። ስለዚህ ቅርብ ያለ ቅጂ፣ ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ቅርንጫፍ ውስጥ ያለ ዲስክም ቢሆን፣ ለእኛ ትርፍ ነገር አይደለም። ድረ ገጹ ጀርመን ወይም አሜሪካ በተከራየው ሰርቨር ላይ ለሚኖር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእሱ ከቤት ውጭ ያለው ቅጂ አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ያለው ነው።

አገር ውስጥም አማራጭ እየመጣ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም በብር የሚከፈል አገልግሎት ይሰጣል፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም እንደ ዊንጉ አፍሪካ ያሉ የግል የዳታ ማዕከላት ሥራ ጀምረዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል ዳታ ከአገር ለማውጣት ቅድመ ሁኔታ ስለሚያስቀምጥ፣ የሆስፒታል ወይም የብድር ተቋም ዳታ ይዞ ወደ ውጭ ባኬት የሚልክ ሰው መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ ያማክር። በእኔ አስተያየት ለመካከለኛ ድርጅት የሚሻለው አንዱን ቅጂ አገር ውስጥ፣ ሕጉ የሚፈቅደውን ሌላውን ቅጂ መስጥሮ ውጭ ማስቀመጥ ነው።

ዝም ሲል የሚጮህ

ባክአፕ ለስንት ጊዜ ይቀመጥ? ሰባት የቀን፣ አራት የሳምንት፣ አሥራ ሁለት የወር ቅጂ ማቆየት የተለመደ ልክ ነው። የመጨረሻውን ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው አደጋው የሚታየው ነገሩ ዘግይቶ ሲገለጥ ነው። ከላይ ያልነው የጥያቄ ምልክት ሳምንት ቆይቶ ከተገኘ ጤነኛው ቅጂ በተበላሸው ተተክቷል። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎችም ሰርቨር ውስጥ ገብተው ሳምንታት አድፍጠው ሊቆዩ ይችላሉ።

ስሕተትን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ለመያዝ የጊትላብ ኢሜይል የሚያስተምረው አለ። ሲበላሽ መልእክት እንዲልክ የተደረገ ሥርዓት መልእክቱ ራሱ ሲጠፋ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ አሠራሩ ይገልበጥ። ሥራው በደኅና ሲያልቅ «ጨርሻለሁ» የሚል ምልክት ወደ ውጭ ጠባቂ ይላክ፤ ጠባቂው ምልክቱን በሰዓቱ ካላገኘ ይደውል። ጠባቂው የፋይሉን መጠን ከትናንቱ ጋር ያስተያይ። ትናንት 8 ጊጋባይት የነበረ ደምፕ ዛሬ 20 ኪሎባይት ከሆነ ሥራው ተጠናቀቀ መባሉ ትርጉም የለውም።

ይህም ሆኖ ቅጂው መሥራቱ የሚታወቀው ሲመለስ ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ባዶ ሰርቨር ተከራይቶ፣ ዋናው ሰርቨር እንደሌለ ተቆጥሮ፣ ከክላውዱ ብቻ ሥርዓቱን ማቆም ያስፈልጋል። ያኔ የሚወጡት ነገሮች ሁሌም ያስገርማሉ። ዳታው ይመጣል፣ የማስተካከያ ፋይሉ ግን አልተላከም። የምስጢሩን ፓስወርድ የሚያውቀው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ለቋል። ሁሉም አለ፣ ግን ለመመለስ አንድ ሰዓት ይበቃል የተባለው አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። ሥራውን የሚሠራው ዘወትር ባክአፑን የሚይዘው ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ እሱ በቃሉ የሚያውቀውን ሌላው የተጻፈ መመሪያ ፈልጎ ሲያጣ ጉድለቱ ይታያል።

የድርጅት ኃላፊ ከሆናችሁ ኮምፒዩተር ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የአይቲ ሠራተኛችሁን ጥሩና የትናንቱን ቅጂ በሌላ ሰርቨር ላይ ከፍቶ የአንድ ደንበኛን ስም በአማርኛ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጻፉ። ቀጥሎም የእሱ ፓስወርድ ዛሬ ማታ ቢሰረቅ ሌባው ይህን ቅጂ ሊሰርዘው ይችል እንደሆነ ጠይቁት። «ይችላል» ካላችሁ፣ ለሌላ አካውንት የሚሆነውን ገንዘብ በዚህ ሳምንት ፍቀዱለት።